ፊቷን አዙራ ለምትመታው ልጃችን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአብርሆት፤ ድሬዳዋ።

ዝግባዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ባለፈው ዓመት ያበጠው አውራ ጣትሽስ ዳነልሽ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ማደሪያሽ ደህና ነው? ሙቀቱንስ እንዴት ቻልሽው? ቅቤ ብንልክልሽ መንገድ ላይ ቀልጦ የሰው ሻንጣ ያበላሻል ተብሎ ማር ልከንልሻል። ጥርሶችሽስ ሁሉም በየቦታቸው አሉ? ይህን የመጨረሻውን ያስጠየቀችኝ ሚስቴ በእምነት ናት። እኔ የምሰጋው ለሌሎቹ ልጆች ጥርስ ነው።

እኛ ሁላችንም አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ አንቺ የሌለሽበት ቤት ደህና የሚሆነው ጎረቤት ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ መምህር ኢዮሲያስ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እዚህ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ያስተምራል። ላፕቶፑን ልጠግንለት ተቀብዬ እንደማላውቀው ሲገባው ሳይቆጣ ስለሳቀ ወዳጅ ሆንን። ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ ማሩንም ወረቀቱንም አሸከምኩት። ምሳ አብይው፤ ቀጭን ነው፣ እንዳትጨብጪው ብቻ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልኩንማ ሞከርነው። ከዚያ ግጥሚያ ወዲህ ታነሺና «ደህና ነኝ፣ ልምምድ ላይ ነኝ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። እናትሽ የተዘጋውን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትቆያለች። ለኔ ግን «ጋሼ፣ ልተወው ነው። ጓንቱን መልሼ ልምጣ?» የሚል መልእክት ላክሽልኝ። እሱን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህ ደብዳቤ የዚያ መልስ ነው። አጭር መልስ መስጠት እንደማልችል ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለምታውቂ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርሽ። ወንድምሽ ነቢዩ ባጃጁን ቀለም አስቀብቶ ከኋላ መስታወቱ ላይ «የቦክሰኛዋ ወንድም» ብሎ አስጽፏል። ከዚያ ወዲህ በሒሳብ የሚከራከረው ተሳፋሪ ቀንሷል ይላል። ከሺሺንዳ ወይም ከጅማ በኩል አውቶቡስ ሲገባ ግን ተሳፋሪ ባይኖርበትም መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ የሚወርዱትን ሁሉ ያያል። ማንን ትጠብቃለህ ስለው ሥራ ነው ይለኛል። እኔም ሥራ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሀምዛ እንደ ድሮው ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይቀድማል። የኔ ጥገና ቤት ደግሞ ሰው ጥሎት በሄደ ሬዲዮ ተሞልቶ እኔ ውጭ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም።

ከጥገና ቤቱ ጀርባ ከአቮካዶው ዛፍ ላይ የሰቀልነው የቡና ገለባ የሞላው ማዳበሪያ እስካሁን አለ። ዘንድሮ ዝናቡ በጥሩም በየካቲቱም አልተወን፤ ገለባው ረጥቦ በጎኑ እንጉዳይ አብቅሏል። በእምነት ይህን ነገር አውርደው ትለኛለች፤ እኔም ነገ እላታለሁ። ሱቅ ስዘጋ በዚያ በኩል አልፍና በቡጢ ነካ አደርገዋለሁ። ባለፈው ትንሽ ጠንከር ብዬ ብመታው ወገቤን ይዞኝ ሁለት ቀን እንደ ጥያቄ ምልክት ጎብጬ ዋልኩ። ቢሆንም ያ «ዱፍ» የሚለው ድምፅ ያስደስተኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ከሰማሁት አንቺ ከኋላ ያለሽ ይመስለኛል፤ አሁን ገብታ ውሃ ስጠኝ ትለኛለች እላለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሺዋለሽ? እናትሽን እንሰት ስትፍቂላት ውለሽ፣ እጅሽ ላይ የእንሰቱ ጭማቂ ሳይደርቅ መጣሽ። እኔ ቦክስን ከድሮ የስፖርት መጽሔትና ከቪዲዮ ቤት የተማርኩ ሊቅ ነኝና ፊትሽ ቆሜ «ግራ እግር ወደ ፊት፣ አገጭ ወደ ታች፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ» እያልኩ አዘዝኩሽ። አንቺ ግን ልትፍቂው ሳንቃ ላይ የእንሰት ቅርፊት በእግርሽ የምትይዢ ይመስል ግራ እግርሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ ተረከዝሽን ተከልሽ። ወገብሽን ወደ ኋላ ለጠጥሽ። ቀኝ እጅሽን ከራስሽ በላይ አንስተሽ፣ ፊትሽን ወደ ጎን አዙረሽ፣ ከላይ ወደ ታች ሞሽልቀሽ አወረድሽው። ፊትሽን ለምን ታዞሪያለሽ ብልሽ፣ «ሲፋቅ ውሃው ዓይኔ ውስጥ ይገባላ» አልሽኝ። የምን ውሃ? ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ደረቅ ገለባ ነው ልልሽ አፌን ስከፍት ማዳበሪያው ከነቅርንጫፉ ወረደ። አቮካዶውም ተከትሎ እኔ ላይ ወረደ። ያን ቀን ማስተማሬን ትቼ ገመድ ልገዛ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በዞኑ ውድድር ዳኛው በጥፊ የምትመቺ መስሎት ሁለት ጊዜ አስቆመሽ። ጓንትሽን ቢያገላብጥ የሚመታው ጉልጥምትሽ ነው፤ ምን ይበል? ተጋጣሚዎችሽ ፊትሽን ስታዞሪ የፈራሽ እየመሰላቸው ይጠጉሽ ነበር። ሲጠጉ ያ እጅ ይወርዳል። ሕዝቡ እየሳቀ ጀምሮ እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የድሬዳዋው ክለብም ያቺን ልጅ አየና ወሰዳት። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልመጣሽም።

አሁን ወደ ግጥሚያው ልምጣ። ይህን እንዳልነግርሽ እናትሽ አስጠንቅቃኝ ነበር። ግን አንቺ ልምጣ ወይ ካልሽ ያየነውን ማወቅ አለብሽ።

ግጥሚያው በስልክ በቀጥታ ይተላለፋል ስትዪን ነቢዩ ስልኩን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ቴሌቪዥኑ አንድ ከዋጫ ከተማ የመጣ ሰው ለጥገና ሰጥቶኝ ረስቶት የቀረ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ቀለም ግን የለውም። ተመልካቹ፣ ዳኛው፣ መድረኩ ሁሉ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ሰማያዊ እንደምትለብሺ ነግረሽናል፤ በኛ ቴሌቪዥን ግን ሰማያዊውም ቀዩም ያው አመድ ነው። ኔትወርኩ ደግሞ ምስሉን ቆም ያደርግና ድምፁን ዘግይቶ ያመጣዋል። ሁለታችሁም ግዙፎች፣ ሁለታችሁም የራስ መከላከያ አጥልቃችኋል። ግድ የለም አልን። ልጃችንን እናጣታለን?

እናትሽ ከፊት ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። በእምነት አጠገቧ፣ ሀምዛ የሰው ሱሪ ታቅፎ በር ላይ፣ እኔ እንደ አዋቂነቴ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜያለሁ። ደወሉ ተደወለ። አንደኛዋ ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ እርምጃዋን እየለካች ገባች። ሌላዋ ወደ ጎን ዘመም ብላ፣ አንድ እጇን አንጠልጥላ፣ ፊቷን አዙራ ገባች። እናትሽ ወዲያው ጣቷን ቀስራ ዘመም ያለችውን ጠቆመች።

«ያቻትና» አለች።

ማን ይጠራጠር? እኔም ተነስቼ እዩት ይሄን ትከሻ፣ እዩት ይሄን አንገት እያልኩ ማብራራት ጀመርኩ። በእምነት ልጅቷ ክብደት መጨመሯ ጥሩ ነው፣ እየበላች ነው ማለት ነው አለች። ሀምዛ ደግሞ ስለዚያችኛዋ፣ ስለ ቀጥተኛዋ፣ «ይቺ ልጅ ለመጋጠም ነው ወይስ ልብስ እንድለካት ነው የቆመችው?» አለና ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

በሁለተኛው ዙር ዘመም ያለችው ከላይ ያወረደችው አንድ ቡጢ ቀጥተኛዋን በጉልበቷ አንበረከካት። እናትሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እናትሽ በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለች። ዳኛው ሲቆጥር አብረን ቆጠርን። በመጨረሻ የዘመም ባይዋ እጅ ሲነሳ በእምነት እልል አለች፤ ነቢዩ ወጥቶ የባጃጁን ጥሩምባ ያዘው፤ ከመንገድ ማዶ ያሉ ባለሱቆች ሳይቀሩ እንኳን ደስ ያላችሁ እያሉ መጡ።

ከዚያ የዘገየው ድምፅ ደረሰ። የአሸናፊዋን ስም አነበበ፤ የሌላ ሰው ልጅ ስም ነው። እኔ ተሳስተው ነው፣ ወረቀት ተቀያይሮባቸው ነው አልኩ። ያን ጊዜ ያቺ ቀጥተኛዋ የራስ መከላከያዋን አወለቀችና ላቧን በክንዷ ጠረገች። ፀጉርሽን ተቆርጠሻል። ከስተሻል። ግንባርሽን ግን ማን ይስተዋል?

ነቢዩ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር፤ ሄጄ በቃ አልኩት። ስመለስ እናትሽ እንደቆመች ናት። «ወድቃ እሰይ ያልኩት እሷን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሄጄ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ሀምዛ ሱሪውን ጥሎ ወጣ። በማግስቱ ሊወስደው ሲመጣም ቀና ብሎ አላየኝም። እስከ ዛሬ ስለ ሰው አቋም አንድ ቀልድ አልወጣውም፤ እንደምታውቂው ለሱ ይህ ጾም ነው።

ከዚህ በፊት እናትሽ «በቃ ትምጣ» ስትል ነው የከረመችው። በአንድ ቢሮ የተላላኪነት ቦታ እንዳለ ሰምታ ሰው አነጋግራልሽ ነበር። አልጋሽን አራግፋ፣ አዲስ ብርድ ልብስ አንጥፋ፣ ማንም እንዳይተኛበት ከልክላለች። ስለዚህ «ልምጣ?» የሚለው መልእክትሽ ሲደርሰኝ እየሮጥኩ ሄጄ አነበብኩላት። እልል ትላለች ብዬ ነው። እሷ ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በገበያ ቀን፣ የሚሸጠውን ሸጣ ስትመለስ ወደ ሱቄ ገባችና አንቺ ትቀመጪበት በነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ነይ ብዬ ልጻፍላት ወይ አልኳት።

«ነይ ማለትማ በየቀኑ እላታለሁ፤ አፌ መቼ ደከመ» አለች። ከዚያ ዘንቢሏን ስታስተካክል ቆየችና፣ «አሁን ብትመጣ ግን ማንን ነው የምቀበለው? እኔ የወለድኳትን አላየኋትም። አንድ ጊዜ ልያት፣ ከዚያ ትምጣ» አለች።

እንግዲህ ዝግባዬ፣ ይህን ስሰማ እኔ ተቆጣሁ። ለምን ተቆጣህ በዪኝ። እኔ «ነይ» ብዬ ልጽፍ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበራ! ማዳበሪያውን በአዲስ ገለባ ልሞላው፣ ቅርንጫፉን በሽቦ ላጠብቀው አስቤ ነበር። ሱቁ ውስጥ የሚሰድበኝ ሰው ይናፍቀኛል። ነቢዩ ያከብረኛል፣ ደንበኞች ይፈሩኛል፣ በእምነት ታዝንልኛለች። ጋሼ አትዋሽ የሚለኝ አንድ ሰው ጠፋ፤ እኔም ዋሽቼ ዋሽቼ ሰለቸኝ። አውቶቡስ ሲገባ መናኸሪያ የሚሄደው ነቢዩ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ግን እናትሽ እውነቷን ነው። ስለዚህ እንደ አጎት ሳይሆን እንደ ሊቅ ልናገር።

ሮኪ ማርሲያኖ የሚባል የድሮ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ለከባድ ሚዛን አጭር፣ ክንዱ ደግሞ ከቁመቱ የባሰ አጭር። ሲጀምር እግሩን የት እንደሚያስቀምጥ እንኳ አያውቅም ነበር ይባላል። አሰልጣኙ ግን ቀና በል፣ ረጅም ምሰል አላለውም። አጭር ከሆንክ ጭራሽ ጎንበስ በል አለው። በሙያው አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ጓንቱን ሰቀለ። ጆርጅ ፎርማንን ደግሞ አብረን አይተነዋል፤ ሸምግሎ ሲመለስ ሁለት ክንዱን ፊቱ ላይ አጣምሮ፣ ብርድ እንደያዘው ሽማግሌ እየተንቀረፈፈ ይሄድ ነበር። በአርባ አምስት ዓመቱ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ዲዮንታይ ዋይልደርም አለልሽ፤ እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ እጁን ከሩቅ እያሽከረከረ የሚመጣ። አዋቂዎች ሲስቁበት ለዓመታት ቀበቶውን ይዞ ኖረ። ቀኝ እጁ ያገኘው ሰው ግን አይስቅም ነበር።

ይህን የነገርኩሽ የክለቡን አሰልጣኝሽን ሰላሐዲንን እንድትንቂ አይደለም። ጠማማ ሁሉ የሚያሸንፍ ቢሆን እኔ ሻምፒዮን ነበርኩ። ፊቱን አዙሮ የገባ፣ ሳያይ የተመታና ስሙ ያልተጻፈ ስንት ሰው አለ። እሳቸው ቀጥ በይ ያሉሽ እንዳትጎጂ ነው፤ ስንት ልጅ ሲጎዳ ያዩ ሰው ናቸው፣ አመሰግናቸዋለሁ። እጅሽን ማንሳት ካስተማሩሽ ጥሩ አደረጉ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ያሸነፉት ጠማማ ስለሆኑ ሳይሆን ጠማማነቱ የራሳቸው ስለሆነ ነው። ሲጨንቃቸው ሰውነታቸው የሚሸሸው ወደዚያ ነበር። አንቺ ግን ያን ቀን ስትመቺ ወዴት እንደምትሸሺ ግራ ሲገባሽ አየሁ። እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ነበርሽ፤ የት ልቀመጥ የምትዪ።

ስለዚህ ጓንቱን መልሼ ልምጣ ላልሽኝ መልሴ፣ አሁን አትምጪ ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የጨረስኩት።

በመጋቢት የሚቀርሽ ግጥሚያ አለ ብለሻል። ከዚያ በፊት አሰልጣኝሽ ዘንድ ሂጂና በደንብ ተናገሪ፤ ተኮሳትረሽ አይደለም፣ እንደ ልጅ። አንድ ዙር በራሴ መንገድ እንድጋጠም ስጡኝ በያቸው። የማርሲያኖን አሰልጣኝ ታሪክ ንገሪያቸው፤ ያውቁት ይሆናል፣ ያንቺን ግን ከአፍሽ አልሰሙም። ፊትሽን ለምን እንደምታዞሪ ጠይቀውሽ ያውቃሉ? ነግረሻቸውስ ታውቂያለሽ? እናትሽ ግቢ ውስጥ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ በእጅሽ አሳዪያቸው። ምናልባት ግራ እጅሽ የሳቸው፣ ቀኝ እጅሽ የእናትሽ ሆኖ መሃል ላይ ትታረቁ ይሆናል። እምቢ ካሉሽ፣ ወይም ያን ዙር በራስሽ መንገድ ተጋጥመሽ ክለቡ ካልፈለገሽ፣ የዚያኑ ሳምንት ተሳፈሪ። ያን ጊዜ የምትመጪው የምናውቃት ልጅ ነሽ፤ ብትሸነፊም የራስሽን ተሸንፈሽ ነው። ቢሮው ይቅር፣ እኔ ጋር ሬዲዮ ትሰብሪያለሽ።

ካሸነፍሽ ደግሞ እዚያው ቆዪ። እኛ ናፍቆቱን ለምደነዋል ብዬ አልዋሽም፤ ግን ናፍቆት ሲኖር የሚናፈቀው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው።

በል እንግዲህ ሰላምታውን አድርስ ተብያለሁ። አሰልጣኝ ሰላሐዲንን እጅ ነስተሽ ሰላም በይልኝ፤ ከማሩ በማንኪያ ሳይሆን በኩባያ ስጫቸው። አብራሽ ለምትኖረው ለወንጌላዊት፣ ስታንኮራፊ ለምትታገሥሽ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢ። በእምነት ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ያበጠ ካለ በሌላው በኩል። ነቢዩ ሰላም ብሎሻል፤ በባጃጁ ላይ ያለውን ጽሑፍ አላጠፋውም፣ አያጠፋውምም። ሀምዛ ምን ልበልልህ ብለው መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ስትመጣ ቀሚስ በነጻ እሰፋላታለሁ በላት አለኝ።

እናትሽ ግን በኔ ብዕር ሰላምታ አልላከችም። የሷን ሰላምታ በመጋቢቱ ግጥሚያ ቀን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ራሷ ትሰጥሻለች። ደወሉ ሲደወል እኔም ሊቅነቴን ትቼ፣ ሀምዛም ቀልዱን ትቶ፣ ሁላችንም ዝም ብለን እሷ ጣቷን እስክትቀስር እንጠብቃለን።

አጎትሽ ቀጸላ
ቦንጋ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.